ስሙን ያልጻፈው መምህር፦ ካርል ሉድቪግና የላይፕሲግ ቤተ ሙከራ

ክቡራትና ክቡራን፣

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ዘመድ ያስታመመ ሰው፣ ከአልጋው ራስጌ በተሰቀለው ስክሪን ላይ እየዘለሉ የሚያልፉትን መስመሮች አይረሳቸውም። አስታማሚው የመስመሮቹን ትርጉም ባያውቅም ዐይኑን ከእነሱ አይነቅልም፤ ከፍ ዝቅ እስካሉ ድረስ ልቡ በመጠኑ ያርፋል። ከእነዚያ መስመሮች አንዷ የደም ግፊትን የምታሳየው ናት። የደም ግፊት ራሱን በራሱ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ ያደረገው ሰው ካርል ሉድቪግ ይባላል፤ ይህን ያደረገውም ከ30 ዓመት ዕድሜው ብዙም ሳይርቅ፣ ማርቡርግ በምትባል ትንሽ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ ሉድቪግ እንድናገር ያነሣሣኝ ዋናው ጉዳይ መሣሪያው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ የፈለሰፉ የሕክምና ሊቃውንት ብዙ ናቸው። እኔን የገረመኝ ከ1865 እስከ 1895 ባሉት 30 ዓመታት ከሩሲያ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኢጣሊያና ከስካንዲኔቪያ አገሮች ተነሥተው ላይፕሲግ ከሚገኘው ቤተ ሙከራው ደጅ ያልጠኑ የዘመኑ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሰዎች ጥቂት መሆናቸው፣ ከዚያ ቤት ከወጡት ጽሑፎች በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም አለመገኘቱ ነው። ሥራው የእሱ ሆኖ ስሙ የተማሪው የሆነባቸው ወረቀቶች ስንት እንደሆኑ ዛሬ ለይቶ መቁጠር ያስቸግራል።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስታውስ። የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛም፣ ሰውዬውን ‹‹እሳቸው›› ሳልል ‹‹እሱ›› እያልኩ ነው የማወራው፤ የገዛ መምህሬ ቢሆን አልደፍረውም ነበር፤ የሩቅ ዘመን የሳይንስ ሰዎችን ግን መጻሕፍታችን የሚያወሱዋቸው እንደዚህ ስለሆነ ልማዱን ተከትያለሁ።

ሉድቪግ የተወለደው በ1816 ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሄሰን ግዛት ከካሰል ከተማ በማትርቀው በቪትሰንሃውዘን ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን ያገለገለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። ልጁም ከወታደር ቤት የወጣ መሆኑን ያስመሰከረው ገና በተማሪነቱ ነው። በ1834 ሕክምና ለመማር ማርቡርግ ከገባ በኋላ በፖለቲካ እንቅስቃሴና በተማሪዎች የጎራዴ ግጥሚያ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲው አለቆች ጋር ተጋጨ፤ ከንፈሩ ላይ የቀረው ጠባሳ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ከተማውን ለቅቆ እንዲሄድ ስለተገደደ በኤርላንገንና በባምበርግ ጥቂት ጊዜ ተምሮ፣ ተመልሶ ትምህርቱን በማርቡርግ ጨረሰ። በ1841 በአናቶሚ ክፍሉ ውስጥ አስከሬን እየከፈተ ለትምህርት የሚያዘጋጅ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። የፊዚዮሎጂ መምህር ያልነበረው ይህ ሰው ፊዚዮሎጂን፣ ማለትም የሰውነት ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩ የሚመረምረውን ትምህርት፣ በአብዛኛው ራሱን በራሱ እንዳስተማረ መገመት ይቻላል።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች አንድ የአካል ክፍል ለምን እንደዚህ ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ የመጨረሻ መልሳቸው ብዙውን ጊዜ ‹‹የሕይወት ኃይል›› የሚል ነበር። ይህ ኃይል በድንጋይና በውሃ ውስጥ የማይገኝ፣ በሕያው ፍጡር ብቻ የሚኖር፣ የማይለካና የማይመዘን ነገር ነበር። የማይለካ ነገር ደግሞ ክርክርን እንጂ ምርመራን አይጋብዝም። ሉድቪግ በ1842 ለመምህርነት ማዕረግ ያቀረበው የላቲን ጽሑፍ ገና በርዕሱ ለዚህ አስተሳሰብ ጀርባውን የሰጠ ነበር፤ ርዕሱ ሽንት እንዲፈጠር የሚረዱትን ‹‹ፊዚካላዊ›› ኃይሎች የሚመለከት ነውና።

ነገሩን በቅርብ እንየው። በኩላሊት ውስጥ እጅግ ቀጫጭን የደም ስሮች እንደ ክር ድውር የተጠቀለሉባቸው፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ እንክብሎች አሉ። በዚያው በ1842 እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን እነዚህ እንክብሎች በስስ ከረጢት እንደተሸፈኑና ከረጢቱም ወደ ሽንት ቱቦ እንደሚያመራ በማይክሮስኮፕ አሳየ። ሉድቪግ ቅርጹን ተመልክቶ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ደም ወደ እንክብሉ የሚገባበት ስር ከሚወጣበት ይሰፋል፤ እንግዲያው በመካከል ያለው ግፊት ከፍ ማለት አለበት፤ ግፊቱ ከፍ ካለም ውሃውና በውሃ የሟሟው ጨው በስሱ ግድግዳ እየጠለለ ይወጣል፤ ፕሮቲኑና የደም ሕዋሳቱ ግን በወንፊት ላይ እንደሚቀር አተላ እዚያው ይቀራሉ። የጠለለው ፈሳሽ በረጅሙ ቱቦ ሲያልፍ አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ የቀረው ሽንት ነው። በዚህ ማብራሪያ ውስጥ የሕይወት ኃይል አንድም ቦታ አልተሰጠውም። ጠላ የሚያጠልል ሰው ሁሉ ሊረዳው የሚችል ነገር ነው።

ማብራሪያው ለረጅም ዘመን አከራካሪ ሆኖ ቆየ። በብሬስላው ያስተምር የነበረው ሩዶልፍ ሃይደንሃይን የኩላሊት ሕዋሳት ሽንትን እንደ ዕጢ ያመነጩታል እንጂ ማጥለል ብቻውን አይበቃም ብሎ በብርቱ ተከራከረ። ነገሩ የለየለት ሉድቪግ ከሞተ ከ25 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ1920ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ አልፍሬድ ሪቻርድስና ባልደረቦቹ ከጸጉር በቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ከእንቁራሪት ኩላሊት እንክብል ውስጥ ፈሳሹን በቀጥታ ቀድተው ሲመረምሩት ፕሮቲን የሌለው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ቁጥር፣ የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል አጥልለው 1.5 ሊትር ገደማ ብቻ ወደ ውጭ ያስወጣሉ የሚለው፣ መሠረቱ የ25 ዓመቱ ወጣት ያቀረበው ሐሳብ ነው። በአንድ ነገር ግን ተሳስቷል፤ ውሃና ጨው ተመልሰው ወደ ደም የሚገቡት ሕዋሳቱ ምንም ሳይደክሙ ነው ብሎ ያሰበው ትክክል አልነበረም። ሃይደንሃይንም ለሕዋሳቱ የራሳቸውን ሥራ መስጠቱ ጨርሶ መና አልቀረም።

አሁን ወደ መስመሯ ልመለስ። የደም ግፊትን ለመለካት የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ሉድቪግ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በታሰረች ባዝራ ደም ቅዳ ላይ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ሰክቶ ደሙ ከልቧ በላይ 2.5 ሜትር ያህል ከፍ ሲል እንዳየ ጽፏል። በ1828 ፈረንሳዊው ፑዋዜይ ያንን የማይመች ረጅም ቱቦ ትቶ ሁለት እግር ባለው ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ፣ የዱሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉትን፣ ተጠቀመ፤ ሜርኩሪ ከደም ከ12 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ቱቦው በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሆነ። ችግሩ ሜርኩሪው ከእያንዳንዱ የልብ ትርታ ጋር መዝለሉ ነው። ተመልካቹ የላይኛውን ጫፍ ልጻፍ ሲል ታችኛው ያመልጠዋል፤ ሁለቱን ልያዝ ሲል ቀጣዩ ትርታ ይደርስበታል።

ሉድቪግን ያስጨነቀው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ማወቅ የፈለገው ትንፋሽ በደም ግፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ስለዚህ ደረት ሲሰፋና ሲጠብ በአንድ ወገን፣ የደም ቅዳው ግፊት በሌላ ወገን፣ ሁለቱን በአንዲት ቅጽበት ማየት ነበረበት። ይህን አንድ ሰው በሁለት ዐይኑ ሊያደርገው አይችልም። በ1846 መጨረሻ ላይ መፍትሔውን አገኘና በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው። በሜርኩሪው ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ተንሳፋፊ አስቀመጠ፤ ከተንሳፋፊው ቀጥ ያለ ዘንግ አቆመ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ብዕር አሰረ፤ ከብዕሩ ፊት ደግሞ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ በሰዓት ሞተር እኩል ፍጥነት እየዞረ እንዲያልፍ አደረገ። ሜርኩሪው ሲዘል ብዕሩ ይዘላል፤ ከበሮው ስለሚዞር ዝላዩ በዝላይ ላይ አይደራረብም፤ በወረቀቱ ላይ እንደ ባሕር ሞገድ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይቀራል። መሣሪያው በኋላ ኪሞግራፍ ተባለ፤ በግሪክኛ ‹‹ሞገድ ጸሐፊ›› እንደማለት ነው።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። የእንፋሎት ሞተር ሠሪዎች የእንፋሎቱ ግፊት በወረቀት ላይ ራሱን እንዲስል የሚያደርግ መሣሪያ ከዚያ በፊት ነበራቸው። የሉድቪግ ድፍረት ከሞተር ላይ የተወሰደውን ዘዴ ሕያው ፍጡር ላይ ማዋሉ ነው። በወረቀቱ ላይ የወጣውም ማንም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ነገር ነበር፤ የልብ ትርታ ትንንሽ ሞገዶች በትንፋሽ ትልልቅ ሞገዶች ጀርባ ላይ ተሳፍረው አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ታዩ።

ለወጣቶች ልንገራችሁ፣ የዚህ መሣሪያ ዝርያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት ድረስ በብዙ አገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች አገልግሏል። ብዕርና ቀለም ወረቀቱ ላይ ስለሚጎተቱ በኋላ በጥላሸት ተተኩ። አንጸባራቂ ወረቀት ከበሮው ላይ ተወጥሮ ይጣበቃል፤ ከበሮው በሚጨስ ነበልባል ላይ እየዞረ እኩል የሆነ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፤ ቀጭን ጫፍ ያላት መርፌ ጥላሸቱን ፋቅ እያደረገች ስታልፍ በጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ትተዋለች። ሙከራው ሲያልቅ ወረቀቱ በጥንቃቄ ተላጦ በቫርኒሽ ውስጥ ያልፍና እንደታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ይሰጣል። በመካከሉ የሰው ክርን ከነካው የቀኑ ድካም በሙሉ ገደል ይገባል። የፊዚዮሎጂ ተማሪ በጥቁር ጣቱና በጥቁር አፍንጫው ይታወቅ የነበረው ለዚህ ነው።

በ1847 ሉድቪግ ወደ በርሊን ሄዶ ከሦስት ወጣቶች ጋር ተገናኘ፤ እነሱም ኤሚል ዱ ቧ-ሬሞን፣ ኤርንስት ብሩከና ኸርማን ሄልምሆልትስ ናቸው። ሦስቱም የታላቁ የዮሐንስ ሙለር ተማሪዎች ሲሆኑ መምህራቸው ግን የሕይወት ኃይልን አልተወም ነበር። አራቱ ሰዎች በሕያው አካል ውስጥ የሚሠሩት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ኃይሎች ናቸው በሚለው አሳብ ተባበሩ፤ ጓደኝነታቸውም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ዘለቀ። ሉድቪግ ከ1852 እስከ 1856 በሁለት ቅጽ ያሳተመው የፊዚዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ መታሰቢያነቱ ለእነዚህ ሦስት ጓደኞቹ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሉድቪግ አካልን ከቧንቧና ከፓምፕ የማይለይ ግትር ሰው ሊመስል ይችላል። እንዲህ የሚመስለው ሰው ካለ በ1849 ፕሮፌሰር ሆኖ በሄደባት በዙሪክ የሠራውን ይመልከት። እኔ በበኩሌ ከሥራዎቹ ሁሉ የማከብርለት ይህንን ነው።

ከታችኛው መንጋጋ ሥር ምራቅ የምታመነጭ ዕጢ አለች። ኩላሊት ደምን በግፊት የሚያጠልል ከሆነ የምራቅ ዕጢም እንዲሁ ብታደርግ ለሉድቪግ ምንኛ ባማረለት ነበር! በውሻ ላይ ወደ ዕጢዋ የሚሄደውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካው ምራቁ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ አንዱን የሜርኩሪ መለኪያ በምራቁ ቱቦ ላይ፣ ሌላውን በደም ቅዳው ላይ ሰካ። ምራቁ የሚወጣው በደም ግፊት ተገፍቶ ከሆነ የምራቁ ግፊት ከደሙ ግፊት ሊበልጥ አይችልም፤ ከምንጩ በላይ የሚወጣ ወንዝ የለምና። ሜርኩሪው ግን በተቃራኒው መሰከረ። በምራቁ ቱቦ ያለው ግፊት ከደም ቅዳው ግፊት በለጠ። እንግዲያው ዕጢዋ ራሷ ትሠራለች፤ ሥራዋንም የሚያዛት ነርቭ ነው። በ1851 ይህንን ሲያሳትም ሉድቪግ የገዛ መሣሪያውን ይዞ የገዛ ንድፈ ሐሳቡን ድንበር ማስመሩ ነበር። የሚወደውን ማብራሪያ ሊያድንበት የሚችል ማምለጫ መፈለግ ይችል ነበር፤ አልፈለገም።

በ1855 ወደ ቪየና ተዛውሮ ዮሴፊኑም በሚባለው የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶች ወደ እሱ መጉረፍ የጀመሩት እዚህ ነው። ከእነሱ አንዱ ኢቫን ሴቼኖቭ ነበር፤ በኋላ የሩሲያ ፊዚዮሎጂ አባት የተባለው። ሁለቱ በ1859 ገደማ የሜርኩሪውን ክብደት ተጠቅሞ ከደም ውስጥ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ አዘጋጁ፤ ደም ጋዝን እንዴት እንደሚሸከም በቁጥር ማወቅ የተቻለው በዚህ ዓይነት ፓምፕ ነው።

የላይፕሲግ ዘመን የሚጀምረው በ1865 ነው። የዩኒቨርሲቲው ታላቅ ሰው ኤርንስት ሃይንሪኽ ቬበር የፊዚዮሎጂውን ወንበር ለሉድቪግ ለቀቀለት፤ መንግሥትም አዲስ ተቋም ሊሠራለት ተስማማ። በ1869 የተከፈተው ሕንጻ የላቲኑን ‹‹E›› ፊደል ቅርጽ የያዘ ሲሆን፣ የአካልን ሥራ በፊዚክስ መሣሪያ ለሚመረምሩ፣ በኬሚስትሪ ለሚመረምሩና በማይክሮስኮፕ ለሚያዩ ለየብቻው ቦታ ነበረው፤ በመካከሉም የትምህርት አዳራሹ ተሠርቷል። ዛሬ ይህ ዓይነቱ አከፋፈል ግልጽ ነገር ይመስለናል። ያኔ ግን አንድን ጥያቄ ይዞ ሦስቱንም ክፍል በአንድ ጣራ ሥር እየዞሩ መጠየቅ የሚቻልበት ቤት ብርቅ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ታላቁ ክሎድ ቤርናር ሳይቀር እርጥበት በበዛበት ጠባብ ክፍል ይሠራ እንደነበር ስናስታውስ፣ ወጣቶቹ ለምን ወደ ላይፕሲግ እንደጎረፉ ይገባናል።

ታዲያ ሉድቪግ እንዴት ነበር የሚያስተምረው? አንድ ወጣት ከሩቅ አገር ሲመጣ ሉድቪግ ዝንባሌውን አይቶ ጥያቄ ይሰጠዋል። ጥያቄው ትልቅና አጠቃላይ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ሥራ መልስ ሊገኝለት የሚችል፣ ነገር ግን መልሱ ሲገኝ ትልቁን የሚነካ ነው። ከዚያ በየቀኑ እየመጣ ያየዋል። እጁ ያልፈታ ተማሪ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን ራሱ ሉድቪግ ይሠራል፤ የሚያግዘውም ዛልቨንሞዘር የሚባለው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ነው፤ መሣሪያ በመሥራትና በማስተካከል እጅግ የተካነ ሰው ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ብዙ ጊዜ ሉድቪግና ዛልቨንሞዘር ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረው ሲሠሩ ተማሪው በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ሙከራው አልቆ ውጤቱ ሲሰበሰብ ጽሑፉን አዘውትሮ የሚጽፈው ሉድቪግ ነው፤ ሲታተም ግን በላዩ ላይ የሚወጣው የተማሪው ስም ነው።

ይህ ነገር ስለ ልግስናው ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ልግስና መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን ስለ ሳይንስ ታሪክ የምናስብ ሰዎች ሌላም ገጽ እንዳለው ማየት አለብን። በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠውና ሌሊቱን ሙሉ በከበሮው አጠገብ ያደረው በታተመው ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። አንባቢው የማን ሐሳብ፣ የማን እጅ፣ የማን ቃል እንደሆነ ሊለይ አይችልም። የዛልቨንሞዘር ስም ደግሞ በጓደኞች ትዝታ ውስጥ ካልሆነ የትም የለም፤ ልግስናው ለእሱ አልደረሰውም። እንዲህም ሆኖ ከዚያ መስኮት የተነሡት ሰዎች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ማየትን ተምረው ሄደዋል። ሲያዩ የዋሉት አንድን ጥያቄ እስኪለካ ድረስ እንዴት ማጥበብ እንደሚቻል ነበርና።

ሁለት ሥራዎችን ብቻ ልምረጥ።

የመጀመሪያው በ1866 ከኤሊያስ ሲዮን ጋር የተሠራው ነው። ሲዮን በሩሲያ ግዛት ከሊቱዌኒያ የመጣ፣ እጁ እጅግ የሰላ፣ ጠባዩ ግን ከብዙ ሰው ጋር የማያስማማው ወጣት ነበር። በጥንቸል አንገት ውስጥ ቫገስ ከሚባለው ትልቅ ነርቭ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ አለ። ቆርጠውት ወደ ልብ የሚሄደውን ጫፍ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ምንም አልሆነም። ወደ አንጎል የሚሄደውን ጫፍ ሲነኩት ግን በከበሮው ላይ ያለችው መስመር ቁልቁል ወረደች፤ የልቡም ትርታ ዘገየ። ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ልብ መውረዱ የታወቀ ነበር፤ እዚህ ግን ወሬው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ከልብ አካባቢ የሚነሣ መልእክት አንጎል ዘንድ ደርሶ የደም ስሮቹ እንዲላሉ ያደርጋል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ሰውነት የራሱን የደም ግፊት እየተከታተለ የሚያርምበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። የዚህ ነርቭ ጫፎች በትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጠው የግድግዳውን መወጠር እንደሚያሰሙ ዛሬ እናውቃለን። ተኝቶ የነበረ ሰው ድንገት ሲነሣ ሁልጊዜ ራሱን ስቶ የማይወድቀው በዚህና በመሰሎቹ ነርቮች ምክንያት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ የሁለቱም ስም አለ፤ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ሽልማት ግን የተሰጠው ለሲዮን ነው።

ሁለተኛው የሄንሪ ቦውዲች ሥራ ነው። ቦውዲች የቦስተን ሰው ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ በፈረሰኛነት ተዋግቶ ቆስሏል። ፓሪስን አይቶ በ1869 ላይፕሲግ ገባ፤ ገና እንደመጣም በከበሮው ወረቀት ላይ ጊዜን ነጥብ በነጥብ የሚያመለክት መላ ዘይዶ መምህሩን እጅግ እንዳስደሰተው ይነገራል። ሲዮንና ሉድቪግ ከሰውነት የወጣ የእንቁራሪት ልብ በቱቦ ፈሳሽ እየተቀበለ ለሰዓታት እንዲመታ የሚያደርጉበትን ዘዴ ቀድመው አዘጋጅተው ነበር። ቦውዲች የዚያን ልብ ጫፍ በደካማና በብርቱ ኤሌክትሪክ እየነካ ተመለከተ። ልቡ ደካማውን ጨርሶ ላይመልስ ይችላል፤ ከመለሰ ግን ባለው ኃይል ሁሉ ይመልሳል፤ ኤሌክትሪኩን ቢያበረቱበት አይጨምርም። በ1871 የታተመው ይህ ሕግ ‹‹ወይ ሙሉ ወይ ምንም›› ተብሎ ይታወቃል፤ ቆይቶም ለነርቭ ጭምር እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ቦውዲች በዚያው ዓመት የገዛቸውን መሣሪያዎች ይዞ ወደ ሃርቫርድ ተመለሰና በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ አቋቋመ።

በቅኔ ቤት ‹‹ማን ዘንድ ተማርህ?›› የሚለው ጥያቄ ‹‹ምን ታውቃለህ?›› ከሚለው እንደሚቀድም ሁሉ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊዚዮሎጂ ሰዎች መካከልም የመምህር ሐረግ ይቆጠር ነበር። ሐረጉ ብዙ ጊዜ ላይፕሲግ ያደርሳል። ከጣሊያን ሉቺያኒና ሞሶ፣ ከእንግሊዝ ጋስኬልና ብረንተን፣ ከዴንማርክ የፊዚክስ ሊቁ የኒልስ ቦር አባት ክርስቲያን ቦር፣ ከአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስን የሕክምና ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ዊልያም ዌልች በዚያ ቤት ሠርተዋል። ስም ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ከ200 በላይ ነበሩ።

አንዱን ሐረግ ግን ሳልከተለው ማለፍ አልፈልግም። ሲዮን ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ ሲያስተምር ቀዶ ጥገናን ያስተማረው አንድ የቄስ ልጅ ነበር፤ ስሙም ኢቫን ፓቭሎቭ። ተማሪዎቹ በሲዮን ላይ ተነሥተው ከወንበሩ ካስለቀቁት በኋላ ፓቭሎቭ ሥራውን ቀጠለ፤ ከ1884 እስከ 1886 በውጭ አገር ሲቆይ ከሃይደንሃይንም ከሉድቪግም ጋር ሠራ። በኩላሊት ጉዳይ የተከራከሩት ሁለቱ ሊቃውንት አንዱን ተማሪ ተጋሩት ማለት ነው። በኋላ ፓቭሎቭ የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ጥናት የምግብ መፍጫ ዕጢዎችን በነርቭ ትእዛዝ መሥራት የሚመለከት ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የውሻው ምራቅም የሚፈሰው ሉድቪግ በዙሪክ ሜርኩሪ ሰክቶ ከመረመራት ዕጢና ከመሰሎቿ ነው።

ውሻ፣ ጥንቸልና እንቁራሪት ሳነሣ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የጠየቃችሁትን አውቃለሁ። በ1870ዎቹ መጨረሻ በጀርመን በሕያው እንስሳ ላይ የሚደረግን ቀዶ ጥገና የሚቃወም ጠንካራ እንቅስቃሴ ተነሥቶ የላይፕሲጉ ቤተ ሙከራም ከተወገዙት መካከል ነበር። ሉድቪግ በዚያው ከተማ ለብዙ ዓመታት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሪ ነበር፤ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ ለማስቆምም ደክሟል። ይህን ተቃርኖ ነው ብሎ የሚስቅ አለ። እኔ ሉድቪግ ተቃርኖውን ያልተሰማው ሰው ነበር ብዬ አላምንም፤ ዕዳውን በሌላ መንገድ ለመክፈል የሞከረ ይመስለኛል። ዕዳው በዚህ ተከፍሏል ለማለት ግን አልደፍርም፤ የዚያ ዘመን እንስሳት የተሸከሙት ሥቃይ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር የሚፈቀድ አይደለም።

ሉድቪግ በ1884 ከለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የተባለውን ሜዳሊያ ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ማክስ ፎን ፍራይና ማክስ ግሩበር በዚያው ተቋም ውስጥ ደምን ከአካል ውጭ ከአየር ጋር እያገናኘ ለተነጠለ የአካል ክፍል የሚመግብ መሣሪያ ሠሩ፤ በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው የዛሬው ማሽን የሩቅ ዘመድ ነው። ሉድቪግ እስከ መጨረሻው ከወንበሩ አልወረደም፤ በሚያዝያ 1895 በ78 ዓመቱ ላይፕሲግ ውስጥ ዐረፈ። የዩኒቨርሲቲው የፊዚዮሎጂ ተቋም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተቀበላቸው ወጣቶች አንዱ ኦቶ ፍራንክ ነበር። ሒሳብ የሚወድ፣ ነገር የማያልፍ ሰው ነው። ሉድቪግ በሞተበት ዓመት ስለ ልብ ጡንቻ ያሳተመው ጥናት፣ ልብ በደም ይበልጥ ሲሞላ ይበልጥ በኃይል እንደሚመታ የሚገልጸውና ዛሬ በፍራንክና በስታርሊንግ ስም ከምንጠራው ሕግ መነሻዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ፊቱን ወደ መሣሪያዎቹ አዞረ። ሜርኩሪ ከባድ ነው፤ ከተነሣ ቶሎ አይቆምም፤ ካለፈ በኋላም በራሱ ክብደት መወዛወዙን ይቀጥላል። ስለዚህ የመምህሩ ከበሮ ለ50 ዓመታት ያህል ሲጽፍ የኖረው መስመር አማካዩን ግፊት በትክክል ቢናገርም የሞገዱ ጫፍና ቅርጽ ግን እውነተኛው እንዳልነበረ ፍራንክ በሒሳብ አሳየ። በምትኩ ግፊቱ ስስ ሽፋንን እንዲያንቀሳቅስ፣ ሽፋኑም ትንሽ መስተዋትን እንዲያዘነብል፣ ከመስተዋቱ የሚንጸባረቀው ብርሃንም የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረገ። ተንሳፋፊው ቀረ፣ ብዕሩ ቀረ፣ ሜርኩሪውም ቀረ፤ ወረቀቱ ግን አሁንም እኩል ፍጥነት እየጠበቀ ይዞር ነበር።